የኔቫዳ በረሃዋን ሉፒን ስም እስካገኝ ያየሁት ፍዳ

ቬጋስ ያላችሁ ልጆች፣ ማርች ላይ ወደ ሌክ ሚድ ስትነዱ አስፋልቱ ዳር ወይንጠጅ ነገር በቅሎ አይታችሁ ስሙን ማወቅ ካማራችሁ መጀመሪያ ይሄን አንብቡ፣ እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው የምጽፈው።

ሉፒን መሆኗን ማወቅ ምንም አይከብድም። የጎጃም ሰው ከሆናችሁማ ከመኪና ሳትወርዱ ትለዩዋታላችሁ፣ ቅጠሏ ቁርጥ ግብጦ ነው፣ ከአንድ ቦታ ተነስቶ እንደተዘረጋ ጣት ዙሪያውን የተበተነ። እናቴ በቪዲዮ ሳሳያት «ውይ፣ ግብጦ እዛም አለ እንዴ?» አለችኝ፣ አልተሳሳተችም፣ ግብጦም ሉፒን ነው፣ ሁለቱም የአተርና የባቄላ ዘመዶች ናቸው። ጣጣው የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ በረሃ ላይ ያለው ሉፒን አንድ አይነት ብቻ አይደለም።

እጽዋት በፎቶ የሚለየው የስልኬ አፕ ሞሃቪ ሉፒን ነው አለኝ። እኔ ደግሞ አልተዋጠልኝም፣ የሞሃቪዋ አበባ ሰማያዊ ነው፣ የኔዋ ደግሞ ደማቅ ሮዝ ወደ ወይንጠጅ የምትሄድ። ጎብኚ የሚያስተናግዱበት ቢሮ ገብቼ ጠየቅኩ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ሴትዮ ፎቶውን በቅጡ እንኳን ሳታይ አበቦች በቀለም የተደረደሩበት ወረቀት ሰጠችኝ፣ ሰማያዊ የሚለው ስር አንዲት ሉፒን ብቻ አለች፣ «ይቺው ናት» ብላ ጨረሰችው። ሮዝ ናት እኮ ስላት የፎቶው ብርሃን ነው አለችኝ፣ ቆሜ በአይኔ ያየሁትን!

እሺ ብዬ የደረቀ እጽዋት ወደሚያስቀምጡ ሰዎች ኢሜይል ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ «የአበባውን ጥርት ያለ፣ ቀረብ ያለ ፎቶ ላክ» የሚል ነው፣ ስለ ቅጠል አንድ ቃል የለም። ፓርክ ውስጥ መቁረጥ ክልክል ነው (ልክም ነው)፣ የነበረኝ ጥርት ያለ ፎቶ ደግሞ መሬት ላይ ወድቃ የደረቀችው አበባ ነበር፣ እሱኑ ላክሁ። እነሱም በሙሉ ልብ፣ ሰማያዊ ስለሆነች ሞሃቪ ሉፒን ናት ብለው መለሱ። ያናደደኝ ይሄ ነው፣ አሪዞና ሉፒን የምትባለው ሮዟ አበባ ስትደርቅ እኮ ወደ ሰማያዊ ነው የምትለወጠው፣ ይሄን ደግሞ ከኔ ቀድመው ማወቅ የነበረባቸው እነሱ ናቸው፣ ስራቸው ነው! በዛ ላይ በህይወት እያለችም ቀለሟን ማመን አይቻልም፣ ላይኛዋ የቆመችው የአበባ ክፍል ላይ ያለችው ነጣ ያለች ነጠብጣብ ንብ ጎብኝቷት ካለፈ በኋላ ትቀላለች፣ ንቦቹም የቀላችውን አልፈው ወደ አዲሷ ይሄዳሉ፣ ስለዚህ አንድ ዘንግ ላይ ሁለት አይነት አበባ ያለ ይመስላችኋል።

ስለዚህ የኔ ምክር «አበባውን አንሱ» ከሚሉት ተቃራኒ ነው፣ አበባውን እርሱትና ተንበርከኩ። የቅጠሏን አንዷን ጣት ከላይም ከታችም፣ ሳንቲም አጠገብ አድርጋችሁ አንሷት። የሞሃቪዋ ጣት ቀጭን ናት፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ብትሰፋ ነው፣ ጸጉርም አላት። የአሪዞናዋ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ትሰፋለች፣ ወፈር ያለች ደማቅ አረንጓዴ፣ ላይኛው ገጿ ጸጉር የሌለው ልሙጥ። አሸዋማ ደረቅ የጎርፍ መውረጃ ውስጥና መንገድ ዳር ነው የምትወደው። መሬት ላይ የተነጠፈች፣ ሁለመናዋ ጸጉር በጸጉር የሆነች ትንሽዬ ካገኛችሁ ደግሞ ሌላ ሉፒን ናት፣ ከነዚህ ጋር አትቀላቅሏት።

ተመልሼ ሄጄ ቅጠሏን እንደዛ አንስቼ ላክሁላቸው። «አዎ፣ አሪዞና ሉፒን ናት» የሚል አንድ መስመር መጣልኝ፣ ይቅርታ የለ ምን የለ። እኔ ግን እስካሁን ያቺን ኢሜይል አላጠፋኋትም፣ ቤት ለመጣ ሰው ሁሉ አሳያለሁ።

ከዊንተሩ ዝናብ በኋላ ፌብሩዋሪ መጨረሻና ማርች ነው ጊዜዋ፣ ሙቀቱ ሲጠና ደርቃ ታልቃለች። ፍሬ ይዛ ካገኛችኋት ደግሞ ግብጦ ነው ብላችሁ እንዳትቀምሱ፣ አገር ቤት ያለው ግብጦ እንኳን ተቆልቶ ቀናት ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ምሬቱ ካልወጣ መርዝ አለው፣ የዱሯ ሉፒንማ ጭራሽ አትሞከርም፣ ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ በተለይ።