የዠርሚኒው ታቦት

ዠርሚኒ ዴ ፕሬ ከኦርሌአን ወደ ምሥራቅ፣ በሏር ወንዝ አቅራቢያ ያለች ትንሽ የፈረንሳይ መንደር ናት። ቤተ ክርስቲያኗ በፈረንሳይ ካሉት እጅግ ጥንታውያን አንዷ ናት ይባላል። ከውጭ ሲያዩዋት ግን ድንጋዩ ንጹሕ፣ ማዕዘኑ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። የተወራላትን ያህል ያረጀች አትመስልም። እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛው አካሏ አላረጀም።

ያሠራት ቴዎዱልፍ የተባለ የኦርሌአን ጳጳስ ነው፤ በ806፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ከስፔን ወገን የመጣ ቪዚጎት (ቀድሞ ስፔንን ይገዛ ከነበረው ሕዝብ)፣ ገጣሚ፣ የንጉሥ ሻርልማኝ አማካሪ ነበር። ለመኖሪያ ግቢው የግል ጸሎት ቤት ፈለገና ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ነገር አሠራ። ቤቱ አራት ማዕዘን ነው። መሃሉ ላይ አራት ወፋፍራም ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በላያቸው ብርሃን የሚያስገባ ግንብ አለ። በየአቅጣጫው ግማሽ ክብ ክፍሎች ወደ ውጭ ወጣ ብለዋል። ቅስቶቹ እንደ ፈረስ ጫማ ከታች ጠበብ ይላሉ። ሰውየው የአገሩን ነገር የረሳ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ያልደረሰባት የለም። ተቃጠለች። የምዕራቡ ግማሽ ክብ ፈርሶ ረጅም አዳራሽ ተቀጠለላትና የመንደሩ አጥቢያ ሆነች። በ1840 በቅርስነት ተመዘገበች። ከ1867 እስከ 1876 ደግሞ ዡስት ሊሽ የተባለ አርክቴክት ሊያድሳት ገብቶ አብዛኛውን አፍርሶ እንደገና ገነባት። የታሪክ ሰዎች በዚህ ሥራው ክፉኛ ይወቅሱታል። እኔም ሳነብ ተናድጄ ነበር።

ግን ቆይ እስቲ። እኛ አገር የደብር ዕድሜ በግድግዳው ይቆጠራል እንዴ? ጭቃው ፈርሶ በድንጋይ ይሠራል፣ ሣር ክዳኑ ተነሥቶ ቆርቆሮ ይለብሳል። ደብሩ ግን ያው ደብር ነው። ሽማግሌዎቹን ብትጠይቅ የሚነግሩህ ታቦቱ የገባበትን ዘመን ነው። ይህን እያሰብኩ ለሊሽ ትንሽ ልቤ ራራ።

የሚገርመው ደግሞ ሊሽ ካተረፈው ሁሉ ትልቁ ነገር ራሱ ታቦት መሆኑ ነው። በምሥራቁ ግማሽ ክብ ጣሪያ ላይ፣ በወርቅና በሰማያዊ ጠጠር የተሠራ የታቦተ ጽዮን ሞዛይክ አለ። ታቦቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ኪሩቤል ቆመዋል። ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ መላእክት ወደ እሱ ያመለክታሉ። በመካከላቸው ከሰማይ የእግዚአብሔር እጅ ወርዷል። ለዘመናት በኖራ ተሸፍኖ ኖሮ በ1820 አካባቢ ነው የተገኘው። ኋላ እሱንም ጠጋግነውታል። እኛ ዘንድ በጥምቀት እንኳ ተሸፍኖ የሚወጣው ነገር እዚህ ለማንም በግልጽ ይታያል። ሥዕል ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ነጠላ አለመልበሴ ቆጨኝ።

ክርስቶስ የለም፣ እመቤታችን የለችም። ለዚህም ምክንያት ያለ ይመስላል። በ787 የኒቅያ ጉባኤ ለቅዱሳት ሥዕላት ክብር እንዲሰጥ ሲወስን፣ የሻርልማኝ ሰዎች ውሳኔውን የሚቃወም ረጅም የመከራከሪያ መጽሐፍ ጽፈው ነበር። ሊቃውንቱ የጻፈው ቴዎዱልፍ ነው ይላሉ። መጽሐፉ ታቦትን ከሥዕል ይለየዋል፤ ሥዕልን ሰው በራሱ ሐሳብ ይሠራል፣ ታቦት ግን የተሠራው እግዚአብሔር አዝዞ ነው ይላል። እንዲህ ብሎ የሚከራከር ሰው በጸሎት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሌላ ምን ሊያሠራ ይችል ነበር?

ከሞዛይኩ ግርጌ የላቲን ጽሑፍ አለ። ኪሩቤልንና የሚያበራውን ታቦት ተመልከት፣ ይህን አይተህ ስትጸልይም ቴዎዱልፍን አብረህ አስበው ይላል። የእኛም አሠሪዎች በሥዕሉ ግርጌ ተንበርክከው ይሣላሉ፤ በአጠገባቸው «ተማኅፀነ» የሚል ይጻፋል። ቴዎዱልፍ ግን መልኩን አላስቀመጠም፤ ስሙን ብቻ። ሻርልማኝ ከሞተ በኋላ በአዲሱ ንጉሥ ላይ አሲረሃል ተብሎ በ818 ከመንበሩ ተነሣ፤ የሞተውም ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ነው። እኔም እንደ ለመነው ስሙን ጠራሁለት።