ሬድኢንጂንን ስሰናበት

ሰሞኑን ሳይበርፐንክ 2077 የተባለውን የቪዲዮ ጌም እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ። ተልዕኮውን ትቼ በጌሙ ከተማ በናይት ሲቲ ጎዳናዎች መኪና መንዳት ብቻ ሆኗል ሥራዬ። ይህን ከተማ ያቆመው ሬድኢንጂን (ጌሙ የተሠራበት ሶፍትዌር፣ ማለትም ኢንጂኑ) ግን ጡረታ እየወጣ ነው። የጌሙ ሠሪ፣ የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የሌላኛውን ጌሙን የዊቸርን ቀጣይ ክፍል ኤፒክ ጌምስ ለሌሎች በሚሰጠው ኢንጂን፣ በአንሪል ኢንጂን 5 እንደሚሠራ አሳወቀ። በ2023 የወጣው የሳይበርፐንክ ተጨማሪ ክፍል ፋንተም ሊበርቲም በሬድኢንጂን የሚሠሩት የመጨረሻው እንደሆነ ተነገረ።

ቅር ብሎኛል። ደግሞ ሳስበው፣ በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ዊቸር ራሱ የሌላ ጌም ሠሪ የባዮዌርን አውሮራ ኢንጂን ተውሶ ነው የተሠራው። የራሳቸውን ያመጡት በ2011፣ በሁለተኛው ነው።

ኮድ እየጻፍኩ ስለምኖር ምክንያታቸው ይገባኛል። የራሱ ኢንጂን ያለው ድርጅት አዲስ ሰው ሲቀጥር፣ ሰውየው መጀመሪያ መሣሪያውን መማር አለበት። ከየት ይማረው? መመሪያው ወይ አላለቀም ወይ አርጅቷል። ዋናው ዕውቀት ያለው ጥግ ላይ የተቀመጠው አንጋፋ ፕሮግራመር ጭንቅላት ውስጥ ነው። እሱ ሥራ የለቀቀ ቀን ጉድ ፈላ! አንሪልን ግን ተማሪ ሳይቀር ቤቱ ቁጭ ብሎ በነጻ አውርዶ ይለማመደዋል። የሄሎ ጌም ሠሪዎችም በ2024 ወደ አንሪል መዞራቸውን ሲያሳውቁ፣ ከስሊፕስፔስ ኢንጂናቸው ክፍሎች አንዳንዶቹ 25 ዓመት ሊሞላቸው እንደተቃረቡ ተናግረዋል። እንዲህ ያለ ኮድ ውስጥ እጁን የከተተ ሰው አይፈርድባቸውም።

የሚያሰጋኝ የአከራዩ፣ ማለትም የኢንጂኑ ባለቤት ነገር ነው። ሌላው የኢንጂን አከራይ ዩኒቲ በ2023 ድንገት ተነስቶ ጌም በተጫነ ቁጥር ክፍያ ልጠይቅ ሲል የተነሳውን ጩኸት አልረሳውም። ክፍያው በዓመቱ ተሰረዘ፤ አመኔታው ግን በቀላሉ አይመለስም። የኤፒክ መደበኛ ውል የሚታወቅ ነው፤ የጌሙ ገቢ 1 ሚሊዮን ዶላር ካለፈ በኋላ 5 በመቶ ይወስዳል። ትልልቆቹ ለብቻቸው ይደራደራሉ፤ ትንንሾቹ የተባሉትን ይከፍላሉ።

በ2025 የታየውን የዊቸር 4 ቴክኒካዊ ማሳያ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የጌሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲሪ በፈረሷ ሰው የሞላበት ገበያ ስትገባ፣ ያውም በተራው ፕሌይስቴሽን 5 ላይ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል)! ሰፊ ዓለም መገንባት የለመዱት ፖላንዶች ከኤፒክ ጋር አብረው የሠሩት ነው። ከዚያ የተገኘው ዘዴ አንሪል ውስጥ ይገባል፤ ተፎካካሪዎቻቸውም ይጠቀሙበታል። እኔ ብሆን እንዲህ ቸር መሆኔን እንጃ።