ቡና የያዙት ሐኪም

አንድ ፎቶ አለ። መጀመሪያ ካየሁት ዓመታት አልፈዋል፣ ግን ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። አንድ ሐኪም የሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ደገፍ ብለው ቆመዋል። የኦፕሬሽን ልብሳቸውን ገና አላወለቁም፣ ማስካቸው አገጫቸው ሥር ተንጠልጥሏል። በአንድ እጃቸው የቡና ስኒ፣ በሌላው ሲጋራ ይዘዋል። ያያሉ፣ ግን ምንም የሚያዩ አይመስሉም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በምጥ የተያዘች እናት በኦፕሬሽን ሊያዋልዱ ሲታገሉ አምሽተው እናትም ልጅም አልተረፉም።

ዶክተር ኧርነስት ሴሪያኒ ይባላሉ። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ክሬምሊንግ የምትባል ትንሽ ከተማ ብቸኛ ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 ላይፍ መጽሔት ዩጂን ስሚዝ የሚባለውን ፎቶግራፈር ላከባቸው፣ እሱም 23 ቀን ሙሉ እንደ ጥላ ሲከተላቸው ከረመ። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ውስጥ ፊልም ሳይከት ነበር የሚያነሳው ይባላል፣ እስኪለምዱት ድረስ። ያን ዓመት መስከረም ላይ ፎቶዎቹ ወጡና የአንድ ገጠር ሐኪም ኑሮ ዓለም አወቀው።

ክሬምሊንግ ሮኪ ተራሮች ውስጥ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ያለች ብርዳም የከብት አርቢዎች ከተማ ናት። ያኔ ነዋሪዋ አንድ ሺህ ገደማ ነበር። በየተራራው ሥር ተበታትኖ የሚኖረው ሲጨመር ግን ወደ 2,000 ሰው ይሆናል፣ ስፋቱም ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያላነሰ። ይሄ ሁሉ ሰው የሚያየው አንድ ሐኪም ነው። ልጅ ሲያተኩሰው እሳቸው፣ ክንድ ሲወልቅ እሳቸው፣ ሽማግሌ ሲያጣጥር እሳቸው። የሚያማክሩት ሌላ ሐኪም አጠገባቸው የለም። ሆስፒታሉም ቢሆን ሰዉ ሐኪም እንዲኖረው ብሎ ጡረታ የወጣውን ሐኪም መኖሪያ ቤት ገዝቶ ያዘጋጀው ነው፣ 14 አልጋ ያለው። ከፎቶዎቹ አንዱ ላይ እግራቸው የሚቆረጥ የ85 ዓመት አዛውንት አሉ፣ ዶክተሩ ራሳቸው ታቅፈው ነው ወደ ኦፕሬሽን ክፍል የሚወስዷቸው።

እኔን የሚነካኝ ግን የዓሣ ማጥመዱ ታሪክ ነው። ዶክተር ሴሪያኒ እንደ ምንም ጥቂት ሰዓት እረፍት አገኙና ዓሣ ሊያጠምዱ ወንዝ ወረዱ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆዩ ሰው መጣባቸው። የሁለት ዓመት ተኩል ሕፃን ጭንቅላቷን ፈረስ ረግጧታል። ተመልሰው የግንባሯን ቁስል ሰፉ፣ አድጋ ጠባሳው እንዳያስቀይማት እየተጠነቀቁ። ዓይኗ ግን እንደማይተርፍ ገብቷቸዋል። ስሚዝ ያቺን ሰዓት አንስቷታል፤ ሕፃኗ ጭንቅላቷ ተጠቅልሎ ተኝታለች፣ ሐኪሙ ከላይዋ ሆነው ግንባራቸው ተጨማዷል። ልጅቷን ዴንቨር ወደሚገኝ ስፔሻሊስት መላክ አለባቸው። ከዚያ በፊት ግን እዚያው ቆመው የሚጠብቁትን ወላጆቿን ማናገር አለ። ምን ብለው ይጀምሩ?

በትልቅ ከተማ ሆስፒታል ቢሆን ያን መርዶ የነገረ ሐኪም ቤተሰቡን ዳግመኛ ላያይ ይችላል። ሺህ ሰው ባላት ከተማ ግን ማግስቱን ሱቅ ስትሄድ ታገኛቸዋለህ። የሞተችዋ ሴት ባል መንገድ ላይ ያገኝሃል። ልጆችህ ከልጆቹ ጋር ይጫወታሉ። የትንሽ ከተማ ሐኪም የሚከብደው ሥራው መብዛቱ ብቻ አይመስለኝም፣ ያላዳንከው ሰው ቤት በር ላይ በየቀኑ ማለፍህ ጭምር ነው። እኛም አገር ገጠር ተመድበው ጊዜያቸውን ጨርሰው የሚሄዱ ወጣት ሐኪሞች አሉ፣ በነሱ ፈጽሞ አልፈርድም። ብቻውን ሌሊት የቆመ ሰው ያውቀዋል።

ዶክተር ሴሪያኒ ግን አልሄዱም። ዋዮሚንግ ውስጥ የበግ እርባታ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። ቺካጎ ተምረው፣ ባሕር ኃይል አገልግለው ነው ክሬምሊንግ የመጡት። መጽሔቱ ታዋቂ ሲያደርጋቸው ገና 32 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የትም ሄዶ መሥራት ይቻላል። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን እዚያችው ከተማ ጨርሰው እ.ኤ.አ. በ1988 አረፉ።

ይሄን ፎቶ ባየሁ ቁጥር የሚመጡብኝ የኛ ከተማ ድሬሰር ናቸው። ሐኪም አልነበሩም፣ እኛ ግን ሁላችንም ዶክተር ነበር የምንላቸው። መርፌያቸውን በብረት ሣጥን ውስጥ ቀቅለው ሲያወጡት የሚወጣው እንፋሎት ትዝ ይለኛል፣ እሱን ሳይ ነበር ማልቀስ የምጀምረው። ሌሊት በራቸው ሲንኳኳ ከውስጥ «ማነው የታመመው?» ነበር የሚሉት። «ማነው?» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ገንዘብ የሌለው እንቁላል ይዞላቸው ይመጣል፣ እሱም የሌለው መርቋቸው ይሄዳል።

አንድ ክረምት ጎረቤታችን ምጥ ጠናባት። ወንዙ ሞልቶ መኪና አያልፍም፣ በቃሬዛም መሻገር አልተቻለም። እሳቸው አብረዋት አደሩ። ሲነጋ እሪታው ተሰማ።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ አያቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። ዶክተር ያንኑ የሌሊቱን ኮት እንደለበሱ፣ ጫማቸው ጭቃ እንደያዘ ገቡ። ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። የሟች ባል ከተቀመጠበት ተነሳና እጃቸውን ይዞ አጠገቡ አስቀመጣቸው። አንድም ቃል አልተናገሩም። አያቴ «እንካ፣ ለዶክተር ስጥ» ብላ ቡና አስያዘችኝ፣ እንዳላፈሰው በሁለት እጄ ይዤ ወሰድኩላቸው። ተቀበሉኝ። ስኒውን እንደያዙ ቆዩ፣ ቡናው እስኪቀዘቅዝ።