የበግ አንጀት አውታር ፍለጋ በላይፕዚግ

ከፍራንክፈርት ወደ ላይፕዚግ የሚወስደው ፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል ተብሎ ነበር፤ እኔ ግን የደረስኩት ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። ከመንገዱ የማስታውሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ግማሹን ቆሜ፣ ግማሹን በሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ነው የተጓዝኩት።

የጉዞዬ ምክንያት አንድ ነበር። በየዓመቱ በሰኔ ወር በከተማዋ በሚካሄደው የባኽ ፌስቲቫል የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የዮሃን ሰባስቲያን ባኽ «የዮሐንስ ሕማማት»፣ ማለትም የክርስቶስን ሕማም በዮሐንስ ወንጌል መሠረት በዜማ የሚተርከው ሥራ፣ መጀመሪያ በተሰማበት በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ሊቀርብ ነበር፤ ያውም በደራሲው ዘመን በነበሩት ዓይነት መሣሪያዎችና በዘመኑ አጨዋወት። ያደግሁት በገና ከሚደረድር አጎት ጋር ነው። ጀርመን አገር ከመጣሁ ወዲህ የባኽን ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ብሰማም፣ የሰማሁት ሁሉ በብረት አውታር የተጫወቱትን ነው። ቫዮሊንም ቼሎም በዚያ ዘመን እንደ በገናችን በበግ አንጀት አውታር ይጫወቱ እንደነበር ካወቅሁ በኋላ ድምፁን በአካል ተገኝቼ ሳልሰማ እንዳልቀር ወሰንኩ።

ከባቡር ጣቢያው እስከ ማረፊያዬ ያለው መንገድ በእግር አሥር ደቂቃ እንደማይሞላ የተረዳሁት ለታክሲ 19 ዩሮ ከከፈልኩ በኋላ ነው። ሾፌሩ መሀል ከተማውን በቀለበት መንገዱ አዙሮ አደረሰኝ፤ ለከተማዋ አዲስ መሆኔን ነግሬው ስለነበር ከገንዘቡ ይልቅ አደራ መብላቱ ነው ያበሳጨኝ። ሌሊቱም አልተመቸኝም። ክፍሉ ከትራም ሐዲድ በላይ ነበርና መስኮቱን ስከፍት ጩኸቱ፣ ስዘጋው ሙቀቱ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ሲነጋጋ ትንሽ ሸለብ አደረገኝ።

በማግስቱ ጠዋት የሙዚቃ መሣሪያዎች ሙዚየሙን ስጎበኝ ግን ድካሙ ለቀቀኝ። እዚያ የፒያኖ ፈልሳፊ የሚባለው ጣሊያናዊው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ እ.ኤ.አ. በ1726 የሠራው ፒያኖ አለ፤ ከእጁ ሥራዎች እስከ ዛሬ ከተረፉት ሦስት ፒያኖዎች አንዱ ነው። አውታሩን የሚመቱት መዶሻዎች ጫፋቸው ከተጠቀለለ ወረቀት ተሠርቶ በላዩ ቁራጭ ቆዳ የተለጠፈበት ነው። ይህን ሳይ የአጎቴ በገና እንዚራ ትዝ አለኝ፤ ከአውታሩ ሥር የምትገባው ያቺ ቁራጭ ቆዳ ከሌለች በገናው በገና የሚያሰኘውን ንዝረት አያወጣም። ሙዚቃን እንደ ቀድሞው እንጫወት የሚሉ ሰዎች ለምን መጀመሪያ ወደ መሣሪያው እንደሚሄዱ ያኔ ገባኝ።

ባኽ ከ1723 እስከ ሞተበት እስከ 1750 በላይፕዚግ የመዘምራን መሪ ነበር። ከሞተ በኋላ ሕማማቶቹ ለረጅም ጊዜ ከአደባባይ ጠፉ፤ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ፌሊክስ ሜንደልሶን በ1829 በበርሊን «የማቴዎስ ሕማማት»ን ሲያስነሣም ያቀረበው ከመቶ በሚበልጡ ዘማሪዎች፣ ብዙውን ክፍል ቆርጦ፣ ለዘመኑ ጆሮ እንዲስማማ አድርጎ ነው። ሥራው ቢነሣም የአጨዋወቱ ሰንሰለት ተበጥሶ ነበር። በእኛ ዘንድ የዜማ ተማሪ ከመሪጌታው ፊት ተቀምጦ በጆሮው ይቀበላል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የደረሷቸው ምልክቶችም ያስታውሱታል እንጂ መምህሩን አይተኩለትም። እዚህ ግን መሪጌታ በአንድ ቃል የሚያቀናውን ጥያቄ ከመጻሕፍት፣ ከደብዳቤና ከአሮጌ መሣሪያ እየለቀሙ ነው የሚመልሱት። የሞዛርት አባት ሊዮፖልድ ሞዛርት በ1756 ባሳተመው የቫዮሊን ማስተማሪያ፣ በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ ጣታቸውን የሚያርገበግቡትን ተጫዋቾች የመንቀጥቀጥ በሽታ ከያዘው ሰው ጋር አመሳስሏቸዋል፤ ዛሬ በባኽ ዘመን አጨዋወት የሚጫወቱት ሰዎች ጣታቸውን የሚያረጉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንዲህ ያለውን የለቀማ ሥራ የሚንቁ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን ትልቅ ትሕትና ያለበት ሥራ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ከሰዓት በኋላ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የባኽን መቃብር ተሳልሜ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሙዚየም አይቼ፣ ወደ ማረፊያዬ ተመልሼ ተኛሁ።

ኮንሰርቱ በቅዱስ ኒኮላስ የተጀመረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1724 የስቅለት ዕለት ሥራው መጀመሪያ የተሰማው እዚሁ ነበር፤ ባኽ ያዘጋጀው ለቅዱስ ቶማስ ቢሆንም የከተማው ምክር ቤት እዚህ ይሁን ስላለው፣ የመዘምራኑ ሰገነት እንዲሰፋና የተበላሸው ሃርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ አውታር መሣሪያ) እንዲጠገን ጠይቆ ተስማማ። የዘንባባ ቅርጽ ያላቸው ነጫጭ ዓምዶች ግን ባኽ ያያቸው አይደሉም፤ ከሞተ ከዓመታት በኋላ የተሠሩ ናቸው።

ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ሴት የመዝሙሩን ቃል የያዘውን ጽሑፍ በእጄ አለመያዜን አይተው የራሳቸውን ሰጡኝ። «እርስዎ ይያዙት፤ እኔ በቃሌ ነው የማውቀው» አሉኝ። በወጣትነታቸው በትልቅ መዘምራን ውስጥ ሆነው ይህንኑ ሥራ ዘምረዋል። ዛሬ የቆሙት ዘማሪዎች ስምንት ብቻ መሆናቸውን ስናይ ጉዳዩን አነሣሁባቸው። ባኽ በነሐሴ 1730 ለምክር ቤቱ በጻፈው ማስታወሻ ለእያንዳንዱ የድምፅ ክፍል ቢያንስ ሦስት ሰው ይሰጠኝ ብሏል፤ አሜሪካዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ጆሹዋ ሪፍኪን ደግሞ ከ1981 ጀምሮ የተረፉትን የዘማሪ ወረቀቶች መርምሮ በአንድ ክፍል አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚዘምረው ብሎ ይሟገታል። «እኔ ብዛቱን እወደው ነበር፤ ቃሉ ግን እንዲህ ጥርት ብሎ አይሰማም ነበር» አሉ ሴትዮዋ።

ድምፁ ዛሬ ከለመድነው ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል፤ የዛሬው ኦርኬስትራ በ440 ኸርዝ ሲቃኝ እነዚህ በ415 ይቃኛሉ። በመክፈቻው መዝሙር ኦቦ የሚባሉት ሁለቱ የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ አውታሮቹ ከሥራቸው ሳይሸፍኗቸው ያጉረመርማሉ። በሥራው ሁለት ክፍሎች መካከል፣ በባኽ ጊዜ ስብከት በሚሰጥበት ቦታ፣ ተጫዋቾቹ ለረጅም ጊዜ መሣሪያ ቃኙ፤ አንጀት በሙቀትና በወበቅ ቅኝቱን እንደሚለቅ አውቃለሁና መጠበቁ አልሰለቸኝም።

ከዚያ ክርስቶስ በመስቀል ላይ «ተፈጸመ» ካለ በኋላ የሚመጣው መዝሙር ደረሰ። አንዲት ሴት ብቻዋን ትዘምራለች፤ የሚያጅባት ቫዮላ ዳ ጋምባ ነው፤ በጉልበት መካከል ተይዞ፣ መዳፍ ወደ ላይ በዞረበት ደጋን ይመታል። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ገላዬን ውርር አደረገኝ። አውታሩ ሲነካ ትንሽ ሻካራ ነው፤ ወዲያው ይሞቃል፤ ከዚያ እንደ ሰው ትንፋሽ ሳስቶ ይጠፋል። በዐቢይ ጾም ሌሊት አጎቴ በጨለማ ተቀምጦ ሲደረድር የምሰማው ድምፅ ይህ ነበር። መሀሉ ላይ የይሁዳ ጀግና ድል አደረገ እያለ ሲፈጥን ሴትዮዋ እጄን ያዙኝ፤ መዝሙሩ ወደ መጀመሪያው ሐዘን ተመልሶ እስኪያበቃ ድረስም አልለቀቁኝም።

ሁሉም ካበቃ በኋላ የጋምባ ተጫዋቿ በጥፍር መቁረጫ ከአውታሯ ላይ የተነሡትን ቃጫዎች ስትቆርጥ አገኘኋት። ቀረብ ብዬ እንዳይ ፈቀደችልኝና በጣቴ ዳሰስኩት፤ ደረቅና ለብ ያለ ነው። የአጎቴን በገና ነገርኳት። አሁንም በአንጀት ነው ወይ የሚጫወተው ብላ ስትጠይቀኝ መልሱ ከበደኝ፤ ምክንያቱም ቶሎ አይበጠስም፣ ቅኝቱንም አይለቅም ብዬ ከሦስት ዓመት በፊት የናይለን አውታር ገዝቼ የላክሁለት እኔ ነኝ። ምንም አልወቀሰችኝም፤ ከፕሮግራሙ ጀርባ ላይ የአውታሮቿን ውፍረት በሚሊ ሜትር እየለየች ጻፈችልኝ።

በማግስቱ ባቡሩ በሰዓቱ ተነሣ። ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ ለአጎቴ ላክሁለት። ፍራንክፈርት ሳልደርስ መልሱ መጣ፦ «ውፍረቱን ጣቴ ያውቀዋል ልጄ። ለእንቁጣጣሽ በግ ስናርድ አንጀቱን እንዳይጥሉት እነግራቸዋለሁ።»