ቁልፉን የያዘው ሁሉ አከራይ አይደለም፤ በጅማ ቤት ስፈልግ የገጠመኝ

በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ 11 ዓመት ከኖርሁ በኋላ ጠቅልዬ ወደ ጅማ የተመለስሁት በግንቦት ወር፣ ዝናቡ ጉልበት ባገኘበት ሰሞን ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ሄርማታ ቢሆንም የወላጆቼ ቤት ከተሸጠ ዓመታት ስላለፉ፣ በገዛ ከተማዬ ደላላ ይዤ ቤት መፈለግ ግድ ሆነብኝ። በሁለት ሳምንት ያልቃል ያልሁት ፍለጋ ስድስት ሳምንት ሲፈጅ የአክስቴ ሳሎን በሻንጣዎቼ ተጣቦ ከረመ።

ሜሪላንድ ውስጥ አፓርታማ ለመከራየት የሚያስፈልገው የታወቀ ነው፤ የደመወዝ ወረቀት ይቀርባል፣ የብድር ታሪክ (ክሬዲት) ይታያል፣ መያዣ (ዲፖዚት) ይከፈላል፣ ተከራዩ ሲለቅም አከራዩ ዲፖዚቱን በ45 ቀናት ውስጥ እንዲመልስ ሕግ ያስገድደዋል። እኔ ግን አብዛኛውን ዘመኔን ያሳለፍሁት በአንድ የአገሬ ሰው ቤዝመንት ውስጥ ስለነበር፣ በመካከላችን የነበረው ውል ቃልና በየወሩ መጀመሪያ የሚከፈል ገንዘብ ብቻ ነበር። ይህን ልማድ ይዤ መመለሴ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢና በቴክኖሎጂ ግቢው በቂጦ ፉርዲሳ ዙሪያ መምህሩም፣ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም ስለሚሻማ ደህና ቤት ተለቆ ብዙ አይቆይም። ደላላው በስልክ «ከውጭ የመጣ ሰው ነው» ማለቱን የሰማሁ ቀን፣ ጠዋት 12 ሺህ ብር የተባለው ቤት ከሰዓት 18 ሺህ ሆኖ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ በኦሮምኛ ስትደራደር እኔ ከኋላዋ ዝም ብዬ መቆም ጀመርሁ። ቤት የሚታየው ሲዘንብ ነው የምትለውም እርሷ ናት። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አዲስ ቀለም የተቀባና ዓይን የሚስብ ቤት ስናይ፣ መዳፏን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አስገብታ ግድግዳውን ዳሰሰችና አውጥታ አሳየችኝ፤ ቀለሙ ከነእርጥበቱ እጇ ላይ ተለጥፎ ነበር። አንድም ቃል ሳትናገር ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች።

አክስቴ ያልተገኘችበት ቀን ነው የተሞኘሁት። ቤቱ ባለሁለት መኝታ የብሎኬት ቤት ሲሆን፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሮቶ፣ የግል ቆጣሪና አቮካዶ ያለበት ግቢ ነበረው። ቁልፉን የያዘው ወጣት፣ የቤቱ ባለቤት ውጭ የምትኖር አክስቱ መሆኗን፣ እርሱም ቤቱን እንደሚያስተዳድር በትሕትና አስረዳኝ። የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቀ፤ ለጊዜው የአንድ ወር ኪራይ ቀብድ ሰጥቼ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ላይ ተፈራረምን፤ ከምስክሮቹ አንዱ ራሱ ደላላው ነበር። በሳምንቱ ዕቃዬን ጭኜ ስደርስ በሩን የከፈቱልኝ ሌሎች ተከራዮች ናቸው። የቤቱ ባለቤት እህት ውክልናዋን ከነማኅተሙ አሳየችኝ፤ ወጣቱ ግቢውን እንዲጠብቅ ቁልፍ ከመቀበሉ በቀር በእጁ ምንም አልነበረም።

ያበሳጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የወላጆቼ ቤት ሲሸጥ ዋሽንግተን ኤምባሲ ወረፋ ይዤ ለአክስቴ ውክልና የሰጠሁት እኔው ራሴ ነኝ። ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንደሚረጋገጥ፣ ቀጥሎም በሰነድ ምዝገባ መሥሪያ ቤት እንደሚመዘገብ፣ በውስጡም የተሰጠው ሥልጣን ተዘርዝሮ እንደሚጻፍ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ አልተጻፈም ተብሎ ሰነዱን በድጋሚ አሠርቼ እንደላክሁ አልረሳሁም። ሆኖም ወጣቱን «ውክልናህን አሳየኝ» ማለት እርሱን መስደብ መስሎ ተሰማኝ። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ መመለስ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቢደነግግም፣ ሥራ ከሌለው ልጅ እጥፉን ለማስከፈል ፍርድ ቤት መመላለሱ አልታየኝም። በሽማግሌ ግማሹ ተመለሰልኝ። ደላላው ኮሚሽኑን አልመለሰም፤ እስካሁንም መንገድ ላይ ስንገናኝ ሞቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል።

በመጨረሻ ያገኘሁት በመንቲና በኩል፣ አንዲት እናት ከሚኖሩበት ዋና ቤት ጀርባ ያለ ሰርቪስ ቤት ነው። ካርታው በስማቸው መሆኑን ሳይጠየቁ አሳዩኝ። ስለ ቅድሚያ ክፍያ ስንነጋገር የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ መጠየቅ እንደማይፈቅድ ብጠቅስ፣ እዚያው የነበረው ልጃቸው አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን መሆኑን አስታወሰኝ፤ በዚህ ረገድ ትክክል ነበር። እናቱ ግን ክርክራችንን አቋርጠው «የሁለት ወር ይበቃኛል፤ የማን ልጅ እንደሆንህ ንገረኝ» አሉኝ። የአባቴን ስም ስነግራቸው ወንበራቸውን አስጠጉ።

ውሉ የሁለት ዓመት ሲሆን በጽሑፍ ነው። ኮርኒሱ ላይ ያለውን ክብ ቡናማ ምልክት አሳይቼ፣ ዝናቡ እንዳባራ ቆርቆሮው እንደሚቀየር በአንድ ተራ ቁጥር አስገብቻለሁ። አክስቴ ውሉን መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችና በማግስቱ ባልዲ ላከችልኝ።