የጠወለገ ጽጌረዳ ከየት ላይ ይቆረጣል?

ኅዳር 11

ነገ ኅዳር ሲታጠን ነው። ጭሱ ከየደጁ ከመነሣቱ በፊት የጽጌረዳው መደብ ማለቅ አለበት። ክረምት ሲወጣ የፈነዳው አበባ ሁሉ አሁን ቡናማ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል።

ብዙ ሰው የደረቀውን አበባ በእጁ ካራገፈ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። መደቡ ለዓይን ይጸዳል፤ ከአበባው ሥር ያለችው አረንጓዴ እብጠት ግን እዚያው ቀርታለች። ዘር የምትቋጥረው እሷ ናት። ዘር መቋጠር የጀመረ ቅርንጫፍ ጉልበቱን ወደ ፍሬው ስለሚልክ አዲስ እምቡጥ ለማውጣት ይሰንፋል። እሷ እስካልተወገደች ድረስ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ከአበባው ወደ ታች ስንወርድ መጀመሪያ የምናገኘው ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት የሆነ ቅጠል ነው። እሱን አልፈን አምስት ትናንሽ ቅጠሎች በአንድ ዘንግ የተሰደሩበትን እንፈልጋለን። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚገናኝበት ብብት ያለችው ዓይን፣ ማለትም አዲስ ቅርንጫፍ የሚወጣባት ትንሽ እብጠት፣ ወደ ውጭ የምታይ ከሆነች፣ ከበላይዋ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ትተን በሰያፍ እንቆርጣለን። ዝቅ ያለው ጎን ከዓይኗ በስተጀርባ ይሁን፤ ውሃ ወደ እሷ እንዳይወርድ። ረጅም ጉቶ ከቀረ ይደርቅና ድርቀቱ ወደ ታች ይዘልቃል፤ በጣም ከተጠጋ ደግሞ ዓይኗ ራሷ ትደርቃለች። ወደ ውስጥ የምታይ ዓይን ከተመረጠች አዲሱ ቅርንጫፍ መሃል ለመሃል ይጠላለፋል፣ አየር ይታፈናል፣ ቅጠሉ ሳይደርቅ ይውላል፤ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣው የቅጠል በሽታ የሚወደው ይህንኑ ነው።

ዘንድሮ የተተከለ ችግኝ ላይ ይህን ያህል አልወርድም። ምግቡን የሚሠራለት ቅጠሉ ስለሆነ አበባውን ከነአንገቱ ብቻ ማንሣት ይበቃዋል። ከተቆረጠ በኋላ አዲስ አበባ ለማየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ገደማ መታገስ ነው፤ ብርድ ሲበረታ ይዘገያል። ደጋ ላይ ያለ ሰው በዚህ ወር ጠልቆ ባይቆርጥ ይሻለዋል፤ ለጋውን ቡቃያ ውርጭ ያቃጥለዋልና።

መቀሱ ስለቶቹ የሚተላለፉ ይሁን። ስለቱ ጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚያርፈው ዓይነት ለጋ አገዳ ይጨፈልቃል። ከአንዱ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በአልኮል መጥረግ በሽታ ይዞ ከመዞር ያድናል።

ጄራኒየም መቀስ አይፈልግም። የአበባውን ዘንግ ተከትሎ ከግንዱ የሚገናኝበት ድረስ ወርዶ፣ ወደ ታች ጎንበስ ማድረግ ነው፤ ቀጭ ብሎ ይለቃል። ላይ ላዩን ከተቀነጠሰ የሚቀረው ዘንግ ይበሰብሳል። እርጥብ አበባ ቅጠሉ ላይ ወድቆ ሲቀር ግራጫ ሻጋታ ያወጣል፤ ስለዚህ በክረምት በየሁለት ሦስት ቀኑ ማየት ያስፈልጋል። የፔቱኒያን አበባ መሳብ ከንቱ ነው፤ ዘር ያዡ ወደኋላ ይቀራልና ከነእሱ ይቀንጠስ። ዳሊያ ላይ ደግሞ እምቡጡንና ያለፈበትን መለየት ያስቸግራል፦ እምቡጥ ክብና ጠንካራ ነው፤ ያለፈበት ሹል ሆኖ ሲጨበጥ ይለሰልሳል። ሳያዩ የሚቆርጡ ሰዎች የነገውን አበባ ይጥሉታል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ጤነኛው ቁርጥራጭ ወደ ብስባሽ ጉድጓዱ ይገባል። ነጠብጣብ ያለበትና የሻገተው ግን አይገባም፤ የጓሮ ጉድጓድ በሽታውን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት ላይኖረው ይችላል። መሬት የረገፈውም ቅጠል አብሮ ይጠረግ። ያ ሁሉ ለነገው እሳት ተከምሯል።

አጥሩ ሥር ያለችው ቀጋ አትነካም። ነጭ አበባዋ ካለፈ በኋላ የሚቀላው ፍሬ ለልጆችም ለወፎችም ነው። ከአደይ አበባውም አንድ ጥግ እንደደረቀ ይቆይ፤ ዘሩ በስሎ እዚያው መሬት ላይ ይርገፍ።