ሐምሌ መግቢያ ላይ በአንጀኒ

ጎጃም ውስጥ ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ተጉዤ አንጀኒ የደረስሁት ሐምሌ ሲገባ ነው። ወቅቱን የመረጥሁት አስቤበት ነው። ብዙ ሰው አፈር የሚታጠበው ክረምቱ በሚበረታበት በነሐሴ ይመስለዋል። ክፉው ጊዜ ግን ሰኔና የሐምሌ መግቢያ ነው፤ የጤፍ ማሳው ተደጋግሞ ታርሶ፣ ልሞ፣ አንዳች ሽፋን ሳይኖረው ዝናብ የሚቀበለው ያን ጊዜ ነው። ነሐሴ ላይ ውኃው ቢበዛም ቡቃያው መሬቱን ስለሚሸፍነው ጎርፉ እየጠራ ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። አንድ ማሳ ዳር ቁጢጥ ብዬ ተመለከትሁ። ጠብታው ቀዩን አፈር እየመታ ጓሉን ያደቅቀዋል፤ የደቀቀው አፈር የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ውኃው መስረጉን ትቶ ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ ክር የምታህል መስመር ታየች፤ ብዙም ሳይቆይ ጣቴን የሚውጥ ቦይ ሆነች።

እዚህ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል። በአሠራሩ መሠረት ወንዙ ሲደፈርስ በየአሥር ደቂቃው አንድ ሊትር ውኃ ይቀዳል፤ ደለሉ ተጠልሎ፣ ደርቆ ይመዘናል። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ተዳፋቱ በፋንያ ጁ እርከን ተሸፈነ፦ ቦይ ይቆፈራል፣ አፈሩ ወደ ላይ ይጣላል፣ ግድቡ ከላይ የሚመጣውን ደለል ይይዛል። ዛሬ ያ ተዳፋት ደረጃ ሠርቷል። ከግድቡ በላይ፣ ደለሉ በተኛበት፣ በቆሎው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከግድቡ ሥር ያለው ግን ቀጭጮ ቢጫ ሆኗል። አፈሩ ከማሳው ባይወጣም በማሳው ውስጥ መጓዙን አላቆመም።

አንድ አዛውንት ገበሬ አገኘሁ። «አባቴ፣ እርከኑ መሬት አልወሰደብዎትም?»

«ወስዷል እንጂ ልጄ! በሬ ማዞርም ያስቸግራል፤ አይጥም ይራባበታል። እሱ ባይኖር ግን ይኼን ጊዜ የማርሰው ድንጋይ ነበር።»

ከዚያ እርከኖቹ ትርፍ ውኃቸውን ወደሚያፈሱበት መውረጃ ወሰዱኝ። ዳሩ ተሰንጥቆ፣ ከግርጌው ቦረቦር ሽቅብ እየበላ መጥቷል። «ማሳው የእኔ ነው፤ ይኼ ግን የማን ነው?» አሉኝ። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ በየማሳው ተገትቶ የዋለው ውኃ ሁሉ ባለቤት በሌለው በዚህ ቦታ ይገናኛል። ጎረቤቶቻቸው ቦረቦሩን ለሚገታ ክትር የሚሆን ድንጋይ ከምረዋል። ሣር ተተክሎ ከብት እንዳይገባበት ማድረጉ ላይ ግን ገና አልተስማሙም።